ሞተሩ የት አደረ?

ሞተር ሳይክል ድንገት አልነሳ ሲል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው መርገጥ ነው። ይረግጠዋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ደግሞ ይረግጠዋል። ቀጥሎ ነዳጅ እንዳለው ለማወቅ ታንከሩን ይነቀንቃል። ቀጥሎ ይሰድበዋል። መካኒክ የሚታወሰው ስድቡም አላስነሳ ሲል ነው። ይህንን ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ እንኳ አልቀረልኝም። የሰፈሩ ሰው እየገፋ ያመጣብኛል። «ጋሽ ጌታነህ፣ ትናንት'ኮ ደህና ነበር!» ይለኛል። ትናንትማ ማን ደህና ያልነበረ አለ?

ዓይኔ ደክሟል፤ ቀጭን ሽቦ አይታየኝም። ጣቴ ግን አሁንም ያያል። እሱም ቢሆን ብዙ አይጠቅመኝም መሰል፤ አሁን ደግሞ ቤንዚን የማይጠጣ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ካንዴላ የሌለው፣ በባትሪ ብቻ የሚሄድ ሞተር መጥቶ በአጠገቤ ሽው ሲል ድምፁ እንኳ አይሰማኝም። የእኔ ሙያ ከእኔው ጋር ጡረታ ሊወጣ ነው።

ሴት ልጄ «አባዬ፣ የሥራ ዘመንህን ጻፈው» እያለች ስትጎተጉተኝ ደግ ደጉን ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ያገኘሁትን ምስጋና፣ የተሸኘሁበትን ጋቢ፣ በየወረዳው የማይነሳ የነበረውን እንዴት እንዳስነሳሁ። እጄ ግን ከየት ብነሳ የሚያርፈው አንድ ቀይ ሞተር ላይ ነው። እንግዲህ ከእሱ መሸሽ ካልቻልኩ ከሥር ጀምሬ ልናገር።

የተቀጠርኩት ለወረዳ ባለሙያዎቹ ሞተር ሳይክል እየሰጠ በየቀበሌው በሚያሰማራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሠራንበት ያውቀዋል። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ውብሸት ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ከቱታቸው በላይ አሮጌ የሱፍ ካፖርት የሚደርቡ፣ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው። መካኒክ ሆነው እጃቸው እንደ ቄስ እጅ ንጹሕ ነበር። ሽቦ ከመንካታቸው በፊት በሳሙና ይታጠባሉ፣ በጨርቅ ያደርቃሉ፣ ጣታቸውን ይፈትጋሉ። «ቅባት የነካው ጣት ደንቆሮ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ሽቦውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያሳልፉታል። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ እጃቸው ላይ ሲደርስ ቆም ይላሉ። እኛ ግን ብናፈጥም አይታየንም።

ከዚያ በፊት ግን ሞተሩን ያመጣውን ሰው አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጡታል። ሰው ቆሞ ሲናገር ይዋሻል፣ ባይዋሽም ይቸኩላል ባይ ናቸው። ሰውየው «ጋሼ፣ ባትሪው ነው መሰለኝ» ብሎ ሊጀምር ሲል ያቋርጡታል።

«እሱን ተወው። ሞተሩ የት አደረ?»

«እንዴት የት አደረ?»

«ቤት ውስጥ ነው ደጅ? ከጣራ ሥር ነው ዝናብ ላይ? አጠገቡስ ምን ነበር?»

ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዱ ይናደዳል። እሳቸው ግን ኤሌክትሪክ ማታ የደረሰበትን ጠዋት ይናገራል ብለው ያምኑ ነበር። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን፣ ሁለት ሽቦ ያላትን ትንሽ አምፖል አውጥተው ከባትሪው ይጀምራሉ። ባትሪው ጋ ከበራች ወደ ፊውዙ፣ ከዚያ ወደ መክፈቻ ቁልፉ፣ ከዚያ መሪው ላይ ወዳለው ማጥፊያ፣ እንዲህ እያሉ አምፖሏ መብራት እስከምታቆምበት ድረስ። በሽታው እዚያና ከዚያ በፊት በነበረው ቦታ መሃል ነው። ካንዴላውን ነቅሎ ማየት የሚጀምር መካኒክ ሲያዩ «ይሄ ከደብረ ብርሃን ሳይነሳ ሸዋሮቢት ገባ» ብለው ይቀልዱበታል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ በረዶ ይይዛል። ብረት ስትነካ ቆዳህ ይጣበቃል። ጋሽ ውብሸት «ጣት ካልሞቀ ሽቦ አይነበብም» ስለሚሉ፣ ዘበኛው በር እንደከፈተ መጋዘን ውስጥ ያደሩትን ሞተሮች በሙሉ እየገፋ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ሥር ይደረድራቸዋል። እኛም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን ከሞተሮቹ ጎን እንደረደራለን። ወሬ እናወራለን። ፀሐይዋ የሞተሮቹን ወንበር ስታሞቀው ሥራ ይጀመራል። ከሌላ አገር የመጣ አለቃ ይህን ባየ ቁጥር ስንፍና ይለው ነበር። ስንፍና አልነበረም፤ የአገሩ አሠራር ነው። እኔም ተማርኩት፣ በኋላም ለሌሎች አስተማርኩት።

ሙያውን ከያዝኩ በኋላ አረርቲ ተመደብኩ። እዚያ ጠላታችን ሙቀት ነው፤ የባትሪው ውሃ ይደርቃል። የነበሩት አለቃ ሞተር ሲያነጥስም ሲያስልም «ባትሪ ይቀየርለት» ከማለት ሌላ መድኃኒት አያውቁም ነበር። ከአረርቲ እነዋሪ ተላክሁ። እነዋሪ ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ፊውዝ በቀየርኩለት ቁጥር እያቃጠለ ይመለሳል። ሦስት መካኒክ ባትሪና ዲናሞ ሲለዋውጡ ከርመዋል። ጎማ ላይ አስቀመጥኩትና «ሞተሩ የት አደረ?» አልኩት። ያከራዩት ሰውዬ ጎተራቸው ውስጥ፣ ከስንዴው ጆንያ አጠገብ እንዲያቆም ፈቅደውለት ኖሯል። ወንበሩን ስፈታ አይጥ ሽቦውን ልጣ ጎጆዋን ሠርታበታለች። ከዚያ ወዲህ የእነዋሪ ሰው በገበያ ቀን ሲያየኝ «አይጥ አዳኙ መጣ» ይለኝ ነበር። ስሙን አልጠላሁትም፤ ኮራሁበት እንጂ። ጋሽ ውብሸት ይህን ሲሰሙ «አየህ?» ብቻ አሉኝ። በዓመቱ አረፉ። ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ክፍላቸውንም፣ አምፖላቸውንም፣ ፀሐይ መሞቂያ ግድግዳቸውንም ወረስኩ።

ሲሳይን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሲሳይ እውነተኛ ስሙ አይደለም። አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ከተማ ላይ የተመደበ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የሰላ ድንጋይ ገበሬ ልጅ፣ ቀጠን ያለ፣ ዓይን አፋር። ሥራው ክትባት ይዞ በጠዋት በየቀበሌው መውረድ ነው። ገበሬው ከብቱን የሚሰበስበው ለግጦሽ ሳያሰማራ በማለዳ ስለሆነ፣ ባለሙያው ካረፈደ ከብቱ ይበተናል፣ ክትባቱም ይሞቃል፣ ቀኑ ይበላሻል።

ለእሱ የተሰጠው ሞተር ቀይ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እየነዳ ጋራዥ ድረስ መጣና «ጋሽ ጌታነህ፣ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይለኛል» አለኝ።

ጎማ ላይ አስቀመጥኩት። «የት ነው የሚያድር?»

«ደጅ ነው። ግቢው አጥር የለውም፣ መሪውን ወደ ግራ አጥፌ ቆልፌው ነው የማድረው። ጠዋት መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ እሱ ግን አይነሳም። አስገፍቼዋለሁ፣ ቁልቁለት ለቅቄዋለሁ። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው በአንድ ርግጫ ይነሳል።»

እንግዲህ ሁሉንም ነግሮኛል። ከዚህ በላይ ምን ይንገረኝ? በሽታውን ከነመኝታው፣ ከነትራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። እኔም ሞተሩን መጋዘን አሳደርኩት፣ በማግሥቱ ዘበኛው ፀሐይ ላይ አወጣው፣ ጣቴ ሲሞቅ አምፖሌን ይዤ ከባትሪው ተነሳሁ። ባትሪው ጋ በራች። ፊውዙ ጋ በራች። ቁልፉ ጋ፣ ማጥፊያው ጋ፣ ወደ ካንዴላው እሳት እስከምትልከው ጥቁር ሣጥን ድረስ በራች። ሽቦውን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አሳለፍኩት። የሞቀ ላስቲክ ለስላሳ ነው፤ ምንም አልነገረኝም። ካንዴላውን ለውጬ ሰደድኩት።

ብርድ ሲጠና ተመልሶ መጣ። ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ለወጥኩ። ደግሞ መጣ። ባትሪውን ለወጥኩ፤ እንደ አረርቲው አለቃ ሆንኩ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ፀሐይ ላይ ሲፈተን እንደ አዲስ ይነሳል፣ ሲሳይም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ውርጭ ያለበት ጠዋት ሲመጣ ደግሞ እንደ ግንድ ይገተራል።

የዚህ በሽታ ክፋቱ መልኩ ነው። የሰነፍ ሰው መልክ ነበረው። ገበሬው ከብቱን ይዞ ሲጠብቅ ይቆይና ይበትናል፤ ረፋድ ላይ ባለሙያው በሞተሩ ዱር ዱር እያለ ብቅ ይላል። «ሞተሩ እምቢ ብሎኝ ነው» ይላል፤ ሞተሩ ግን ከሥሩ እየተንደቀደቀ ነው። ማን ያምነዋል? «ሌሊቱን ሲጠጣ እያደረ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ሲሳይ ጠላ እንኳ የማይደፍር ልጅ ነው። ክሱ አለቃችን አቶ በላቸው ጋ ደረሰ። አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰዓት የሚያከብሩ፣ ሰዓት የማያከብርን የማይወዱ ሰው ነበሩ። አስጠሩኝ።

«ጌታነህ፣ ይሄ ሞተር ችግር አለበት?»

«አለበት ብዬ አምናለሁ።»

«ምኑ ላይ?»

«ገና አላገኘሁትም። አንኮበር ሄጄ አንድ ሌሊት ልደርና ጠዋት እዚያው ባለበት ልየው።»

«ሞተሩ ወደ ጋራዥ ይመጣል እንጂ ጋራዡ ወደ ሞተር አይሄድም። የውሎ አበልም የለንም» አሉኝ።

ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንኮበር'ኮ ሩቅ አገር አይደለም። ለለቅሶ ሄጃለሁ፣ ለሠርግ ሄጃለሁ፣ በግ ልገዛ ሁሉ ሄጃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ተሳፍሬ፣ ልጁ ቤት አድሬ፣ እሑድ ማለዳ ብነሳ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሞተሩ ጋራዣችን ውስጥ ያድራል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ይህን ለውጦ ማሰብ ግን ለማንኛችንም አልመጣልንም። ሞተር ሳይሞቅ ሽቦ መንካት ነውር እስኪመስለን ድረስ ለምደነው ነበር። ጋሽ ውብሸት የት አደረ ብለህ ጠይቅ ብለው አስተማሩኝ፤ ጠየቅሁ። መልሱን ግን በእጃችን እየገፋን ፀሐይ ላይ አውጥተን እናሰጣው ነበር።

ሲሳይ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ተደገመበት። ወሬው ሰላ ድንጋይ ደረሰና አባቱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው የተከናነቡ፣ ብትራቸው ላይ የሚደገፉ። ሲሳይ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ፀሐይ እየሞቅን ነበር፤ እንደገና ለፍተሻ የመጣው ቀዩ ሞተርም ከእኛ ጋር ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ዋና መካኒኩ የቱ እንደሆነ ጠይቀው ወደ እኔ መጡ።

«እንዴት አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደሩ አባቴ?»

«ይመስገን። እኔ አለቃህ ጋ አልሄድም፣ አንተን ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ማርያምን እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ብረት በሽታ አለበት ወይስ የለበትም?»

«እኔ እስካሁን አላገኘሁበትም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ የለበትም።»

«እንደሱ አይደለም። አለ ብዬ አምናለሁ፤ ግን አላገኘሁትም።»

«ያላገኘኸውን ነገር እንዴት ታምናለህ?»

አሁን ቢሆን «እግዜርንስ አግኝተውት ነው የሚያምኑት?» እላቸው ነበር። ያኔ ግን አልመጣልኝም። መልስ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው፤ ሚስቴም በዚህ ስትስቅብኝ ትኖራለች።

«እስቲ አስነሣው» አሉኝ።

ሲሳይ ቀና ብሎ አየኝ። ቁልፉን ከፈትኩ፣ አንዴ ረገጥኩት፣ ተነሳ። ሞተር ተነስቶልኝ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ሽማግሌው ትንሽ ድምፁን ሰሙት። ከዚያ ዞረው ልጃቸውን አዩት። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻል ነበር።

«ከእኔ ቤት ሰነፍ ቢወጣ ምን ይደረጋል፣ ያጋጥማል፤ ውሸት ግን ወጥቶ አያውቅም» አሉት። ለእኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ ጋቢያቸውን እንደገና አጣፍተው፣ በሩን ወጡ። ሲሳይ «አባባ! አባባ!» እያለ ተከተላቸው። ወደ ኋላ አልዞሩም።

የአቶ በላቸው ውሳኔ ሳይደርስ ሲሳይ ሥራውን ለቀቀ። የሞተሩን ቁልፍ ሲያስረክበኝ «አንተስ ታምነኛለህ አይደል?» አለኝ። «አምንሃለሁ» አልኩት። «ይሁን» አለና ሄደ። ማመኔ ምንም አልጠቀመውም። ሰው ለመካኒክ የሚከፍለው እንዲያምን አይደለም፣ እንዲያገኝ ነው።

ቀዩ ሞተር አረርቲ ተመደበ። እዚያ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ቆላ ነዋ። አቶ በላቸው ይህን ሲሰሙ ጠሩኝና «አየህ ጌታነህ? ሞተሩ ምን አደረገ?» አሉኝ። ክርክር በማስረጃ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለኝ የልጁ ፊት ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። አቶ በላቸው ተዛወሩ። እኔም ጡረታዬ ደረሰ። በመጨረሻው ዓመቴ ያረጁ ሞተሮች በሐራጅ ይሸጡ ተባለና ከየወረዳው ተሰበሰቡ፤ ቀዩም ከአረርቲ መጣ። በዚያው ሰሞን መንገድ ሲሰፋ የግቢያችን አጥርና መጋዘኑ ፈርሰው ስለነበር ሞተሮቹ ደጅ ማደር ጀመሩ። ዘበኛው ሌባ ፈርቶ የሁሉንም መሪ ወደ ግራ እያጠፈ ይቆልፋል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ገዢዎች ማልደው ስለሚመጡ እኔም ማልጄ ገባሁ። ሣሩ ነጭ ሆኗል፤ ወንበሮቹ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ከዳር ጀምሬ እያንዳንዱን አስነሳለሁ። ቀዩ ጋ ደረስኩ። መሪውን ከፍቼ አቀናሁት፣ ረገጥኩት። የለም። ደግሜ ረገጥኩት። የለም። መብራቱን ነካሁት፣ በራ። ጡሩምባውን ነካሁት፣ ጮኸ።

የሲሳይ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮኻል።

ዘበኛው «እስቲ ፀሐይ ላይ ላውጣልህ ጋሼ» ብሎ መሪውን ሊይዝ ሲል «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ ምስኪኑ። አምፖሏን አውጥቼ ከባትሪው ተነሳሁ። እጄ ደንዝዟል። ባትሪው ጋ በራች። ፊውዙ ጋ በራች። ቁልፉ ጋ፣ ማጥፊያው ጋ በራች። ከማጥፊያው አልፌ ጥቁሯ ሣጥን ጋ ስደርስ ግን ጨለማ። በማጥፊያውና በሣጥኗ መሃል ያለው በመሪው አንገት ሥር የሚታጠፍ አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ላስቲኩ ደህና ነው፣ ጭረት የለበትም። በቀዘቀዘ ጣቴ አሳለፍኩት፤ ከብርዱ የተነሳ እንደ እንጨት ደርቋል። አንገቱ ጋ ስደርስ አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ጎደል ሲል ተሰማኝ።

አምፖሏን እንደያዝኩ አፌን አስጠግቼ ሽቦው ላይ እፍ አልኩበት። እንደ እሳት ሳይሆን፣ እጅ ለማሞቅ እንደሚባለው በቀስታ። ደግሜ ደጋግሜ እፍ አልኩ። አምፖሏ ብልጭ አለች፣ ከዚያ በራች።

ላስቲኩን በምላጭ ቀደድኩት። ውስጡ መዳቡ ተበጥሷል፣ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። መሪው ወደ ግራ ታጥፎ ሲያድር ሽቦው ይሳባል፣ ሲበርደው ላስቲኩ ይኮማተርና ጫፎቹ ይለያያሉ፤ ፀሐይ ሲነካው ላላ ይልና ተመልሰው ይነካካሉ። ይኸው ነው። ይህን ለመጠገን የሚበቃው ጣት የምታህል ሽቦና ትንሽ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ነው። እዚያው ውርጩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘበኛው ሰው ሞቶብኝ መስሎት «ምን ሰማህ ጋሼ?» አለኝ።

የተቆረጠውን ሽቦ ይዤ አዲሱ አለቃችን ጋ ገባሁ። በአክብሮት ሰሙኝ፤ «የተዘጋ ጉዳይ ነው፣ ልጁም በራሱ ፈቃድ ነው የለቀቀው» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም፤ ሲሳይን አያውቁትም። እኔ ግን በማግሥቱ ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሳለሁ፣ አባቱ ፊት ቆሜ የምናገረውን አጠና ነበር። ሽቦውን እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ «አባቴ፣ አገኘሁት» እላለሁ፣ ልጃቸውም አጠገባቸው ይቆማል።

ሲሳይን ያገኘሁት የበጎች በረቱን ካብ ሲጠግን ነው። ፀጉሩ ጣል ጣል አድርጎ ሸብቷል። አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ ያርሳል፤ የጎረቤት ከብት ሲታመምም የሚጠራው እሱ ነው። አቀፈኝ። ካቡ ላይ ተቀምጠን ነገርኩት፣ ሽቦውንም አሳየሁት። አገላብጦ አየው።

«እፍ ስትለው በራ?» አለኝ።

«በራ።»

ሽቦውን መለሰልኝ።

«ለእኔ ምን ይነገረኛል ጋሽ ጌታነህ? እኔ መች ተጠራጠርኩ?»

«ለአባትህ ልንገራቸው ብዬ ነው'ኮ የመጣሁት።»

«አባባ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው» አለኝ።

«ሳያምኑህ ሞቱ ማለት ነው» አልኩት።

«እንደሱ አይደለም። ሊሞት ሲል አስጠራኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያንን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም፣ ግን ከእኔ ጋር ሲበላ ፊቱን ወደ እኔ አያዞርም ነበር። ያን ቀን እጄን ይዞ 'ሲሳይ፣ ያ የሞተሩ ነገር እውነት ነበር እንዴ? በድዬህ እንዳልሄድ' አለኝ። ምን ልበለው ጋሼ? እውነት ነው ብለው፣ ልጄን ሳላምነው ኖርኩ ብሎ ሊሞት ነው። 'አይ አባባ፣ ተኝቼ ነው ያረፈድኩት፤ ዋሽቼሃለሁና ይቅር በለኝ' አልኩት። ይቅር አለኝ። ራሴን ይዞ መረቀኝ። ቀሎት ነው የሄደው።»

ይህን ሲያወራ እናቱ ቆሎ በሰፌድ፣ ጠላ በጣሳ ይዘው ከቤት ወጡ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሲሳይ ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሳቸውም ካረፉ በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን መምጣቴን፣ ከልጃቸው ጋር የሠራሁ መሆኔን ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም ሌላኛው እጄ ውስጥ ያለውን ሽቦ ጨበጥኩት። አንድ ሰው እንኳ ይስማ ብዬ አፌን ልከፍት ስል ሲሳይ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝና አትናገር በሚል ራሱን በቀስታ ነቀነቀ።

«ያኔ አስቸግሯችሁ ነበር አሉ» አሉኝ እናቱ። «ልጅነት ነው፣ እንቅልፍ አታለለው። አባቱ ግን ይቅር ብሎት፣ መርቆት ነው የሄደው። ምርቃቱ ደግሞ ሠርቷል፤ አሁን ጠዋት ዶሮን የሚቀድም እሱ ነው። እውነቴን እኮ ነው፣ ተለውጧል።»

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «ያኔ ልጅ ነበር።»